የወንዝ ዳሩ ቤት ለሦስቱ ልጆች ስለመተላለፉ

የብሪን ግዊን እርሻ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ማርች 23 ቀን 2019
ቦታ፦ ዌልስ፣ ብሪን ግዊን እርሻ፣ ወጥ ቤት (ሳሎኑ እናታቸው በሞተችባቸው ግልገሎች ስለተያዘ)
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ ከቀኑ 8፡35 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ ኢድዋል ቤቫን፣ 76 ዓመት፣ የእርሻው ባለቤት፣ ሊቀ መንበር
2. ወይዘሪት ኤሊኔድ ቤቫን፣ የሊቀ መንበሩ እህት፣ ጸሐፊ
3. ጌቲን፣ 46 ዓመት፣ የሊቀ መንበሩ ልጅ
4. ወይዘሮ ኔሪስ፣ የጌቲን ባለቤት
5. አቶ ፒው፣ የግብር አማካሪ፣ ያለ ድምፅ
6. ሄሌድ (15 ዓመት)፣ ቱም (9 ዓመት) እና ማክሰን (8 ወር)፣ የጌቲንና የወይዘሮ ኔሪስ ልጆች፣ ባለጉዳዮች፣ ያለ ድምፅ። ማክሰንን በተመለከተ ይህ ደንብ ሊከበር አልቻለም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ካላቸው አራት አባላት ሦስቱ ሲገኙ ይሞላል። አራቱም በመገኘታቸው ሞልቷል።

ባለፈው ስብሰባ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» የሚል ክርክር ስለበዛ፣ በወይዘሮ ኔሪስ አሳሳቢነት ጸሐፊዋ የተባለውን እንደተባለ እንድትጽፍ ታዝዛለች።

አጀንዳ 1፦ የአማካሪው ማብራሪያ

አቶ ፒው የግብር ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት እንኳ እንዳልቀረው ገለጹ። የእርሻው ገቢም የወንዝ ዳሩ ቤት ኪራይም በአቶ ኢድዋል ስም ብቻ ስለሚገባ ግብሩ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ አስረዱ። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ሰው በዓመት ከአሥራ አንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ግብር የማይነካው ገቢ እንደተፈቀደለት፣ ይህም ሕፃናትን እንደሚጨምር አከሉ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ማክሰን እየጠቆሙ «ይኼም?» አሉ።

አቶ ፒው «እሱም» ብለው መለሱ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለደ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ተኝቷል በለኛ!» አሉ ሊቀ መንበሩ፤ ሕፃኑንም ገበያ እንደወጣ ጠቦት ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

አቶ ፒው ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰጡ። አንደኛ፣ ወላጅ ለልጁ ንብረት ሰጥቶ ከንብረቱ ገቢ ቢገኝ ሕጉ ገቢውን የወላጁ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አያት ከሰጠ ግን የልጁ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለልጅ ደመወዝ የሚከፈለው በእውነት ለተሠራ ሥራ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በስጦታው ላይ ሌላ ዓይነት ግብር ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛውን ሲናገሩ ሊቀ መንበሩ ሻይ ይቀዱ ስለነበር የሰማ ስለመኖሩ ጸሐፊዋ እርግጠኛ አይደለችም።

አጀንዳ 2፦ ለልጆቹ ደመወዝ ስለመክፈል

ሀ) ሄሌድ። በበግ ማዋለድ የሠራችበት እንዲከፈላት ሐሳብ ቀረበ። ባለጉዳይዋ ለመናገር ፈቃድ ጠይቃ «ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ነው የማዋልደው። የኋላውስ ይታሰብልኛል?» ስትል ጠየቀች።

ሊቀ መንበሩ «የኋላውንማ በልተሽዋል እኮ፣ በሳህን በሳህን» አሉ።

አቶ ፒው ምግብ እንደ ደመወዝ እንደማይቆጠር፣ ገንዘቡ በልጅቷ ስም ባንክ መግባት እንዳለበትና እሷም እንደፈለገች ልታደርገው እንደምትችል አስታወቁ።

«እንደፈለገች? ጆሮዋን ልትበሳበትም?»

«ከፈለገች አፍንጫዋንም፣ አቶ ኢድዋል።»

ሊቀ መንበሩን ሻይ ትን ስላላቸው ስብሰባው ለሁለት ደቂቃ ተቋረጠ።

ውሳኔ 1፦ ከረዥም ውይይት በኋላ ለሄሌድ ደመወዝ እንዲከፈላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የአፍንጫው ጉዳይ ወደፊት ይታያል።

ለ) ቱም። አቶ ፒው ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ሕግ እንደማይፈቅድ ገለጹ። ቱም እጁን ሳያወጣ «እንቁላል የምለቅመው ሕግ ጥሼ ነው ማለት ነው?» አለ። ቤተሰብን መርዳት ቅጥር እንዳልሆነ ተነገረው።

«ካልተከፈለኝ ይፈቀዳል፣ ከተከፈለኝ ግን ወንጀል ነው?»

አቶ ፒው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እንግዲህ... እንደዚያ ስትለው... አዎ» አሉ።

ቱም አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ፈቃድ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠይቆ፣ ሁለት ቁራጭ የዘቢብ ዳቦ ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ተይዞለታል።

ውሳኔ 2፦ ቱም በፈቃድ ላይ በሚቆይባቸው አራት ዓመታት እንቁላሉን ሊቀ መንበሩ እንዲለቅሙ በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት ሊቀ መንበሩ ናቸው።

ሐ) ማክሰን። ሊቀ መንበሩ የሕፃኑ ፎቶግራፍ በእንቁላል ካርቶናችን ላይ ታትሞ ለፎቶው ይከፈለው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። «ይሄን ጉንጭ ያየ ሰው አንድ ደርዘን ሳይዝ አይሄድም!» ብለዋል። ስንት ይከፈለው ተብለው ሲጠየቁ «አሥራ አንድ ሺህ» አሉ።

አቶ ፒው «የግብር ቢሮው ደውሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አሉ።

«ጉንጩን ላክላቸው።»

ከረዥም ክርክር በኋላ ክፍያው ወደ አምስት ፓውንድ ወረደ። ፎቶውን ሄሌድ በስልኳ አነሳች። ሕፃኑ በዚያን ሰዓት የአቶ ፒውን ቅጽ ያኝክ ስለነበር ሌላ ቅጽ ከመኪና መጥቷል።

ውሳኔ 3፦ ለማክሰን አምስት ፓውንድ እንዲከፈል ተወሰነ። በዚህም እርሻው ሁለት ፓውንድ ግብር እንደሚተርፈው አማካሪው አሰሉ። ወይዘሮ ኔሪስ «የእርስዎ የአንድ ሰዓት ክፍያስ ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁም አማካሪው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለዋል።

መ) ከአጀንዳ ውጭ የቀረበ ሐሳብ። ሊቀ መንበሩ ወደ ወይዘሮ ኔሪስ ዞረው «አንቺ ገና ሠላሳ ስምንትሽ ነው። ሁለት ብትደግሚ ሃያ ሁለት ሺህ ነው እኮ!» አሉ። ወይዘሮ ኔሪስ የዘቢብ ዳቦውን ከሊቀ መንበሩ ፊት አንስተው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካስቀመጡ በኋላ «እርስዎ ይውለዷቸው፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ» አሉ። ጌቲን አስተያየት እንዲሰጥ ሲጠየቅ በመስኮት በጎቹን እያየ መሆኑን ገለጸ። ሐሳቡ ደጋፊ በማጣቱ ወደቀ።

አጀንዳ 3፦ የወንዝ ዳሩ ቤት

ለማያውቅ አንባቢ፦ የወንዝ ዳሩ ቤት ከዚህ ግቢ በታች ያለ፣ ለእንግዶች የሚከራይ የድንጋይ ቤት ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ጣራ አልነበረውም። ጌቲን ሲያገባ «አድሰውና ግባበት» ተብሎ ሁለት ክረምት በእጁ ሠራው። ሲያልቅ ሊቀ መንበሩ «ለአንድ በጋ ብቻ ይከራይ» አሉ። አሥራ ስድስት በጋ ተከራይቷል። ጌቲን፣ ባለቤቱና ሦስቱ ልጆች የሚኖሩት በሊቀ መንበሩ ቤት ፎቅ ላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ጸሐፊዋ ይህን የጻፈችው ማንም ሳይጠይቃት ነው።

አጀንዳው እንደተከፈተ ከበረቱ ድምፅ ተሰማ። አንዲት በግ ምጧ ጠንቶ ግልገሉ በእግሩ መጥቶባት ነበር። ጌቲን ተነሥቶ ሄሌድንም «ነይ፣ ያንቺ እጅ ቀጭን ነው» ብሏት ወጡ።

ሊቀ መንበሩ የወንዝ ዳሩ ቤት ለሦስቱ የልጅ ልጆቻቸው እንዲሰጥ፣ እስኪያድጉም እሳቸው ባለአደራ ሆነው ኪራዩን እንዲይዙ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ኔሪስ ጌቲን እስኪመለስ እንዲቆይ ጠየቁ።

ሊቀ መንበሩ «ልጁ እኔ ያልኩትን ነው የሚለው» አሉ።

«አንድ ቀን ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ጠይቄው ምን ሊለኝ?»

አቶ ፒው ኪራዩ ለልጆቹ ጥቅም ብቻ እንጂ ለትራክተር ጎማ ሊውል እንደማይችል አስጠነቀቁ። ሊቀ መንበሩ ልጆቹም ትራክተሩን መሳፈር እንደሚወዱ መለሱ። አቶ ፒው ልጆች ትራክተር ላይ ስለመሳፈራቸው ምንም እንዳልሰሙ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ።

ውሳኔ 4፦ ቤቱ ለሦስቱ ልጆች እንዲተላለፍ በሁለት ድምፅ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የደገፉት ሊቀ መንበሩና ጸሐፊዋ ናቸው። ጸሐፊዋ ለምን እንደደገፈች ስትጠየቅ ለሰባ አንድ ዓመት ወንድሟ እጁን ሲያነሣ የእሷም እጅ አብሮ መነሣት እንደለመደ ገልጻለች። ቱም ከጠረጴዛው ሥር እጁን አውጥቶ ነበር፤ ዳቦው ከቁም ሣጥኑ እንዲወርድለት እንጂ ለድምፅ ስላልነበረ አልተቆጠረም።

ጌቲንና ሄሌድ ከቀኑ 10፡05 ተመለሱ። ጌቲን እስከ ክንዱ በደም ተነክሮ ስለነበር ሳይቀመጥ ወደ ቧንቧው ሄደ። ወይዘሮ ኔሪስ «ቤቱ ተሰጠ» አሉት።

«የቱ ቤት?»

«ሠርተህ የጨረስከው።»

«ለማን?»

«ለልጆቹ።»

ጌቲን ፊቱን አላዞረም። ቧንቧው እጅ ለመታጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ለረዥም ጊዜ ፈሰሰ።

አቶ ፒው ለሄሌድ ውሳኔውን አነበቡላትና አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ድርሻዋ በራሷ እጅ እንደሚገባ አስረዱ።

«ያን ጊዜ ማንም አይከለክለኝም?»

«ማንም።»

«ልሸጠው እችላለሁ?»

ሊቀ መንበሩ «ትሸጪዋለሽ እንዴ! ገና ሳይሰጥሽ?» አሉ።

ሄሌድ «አዎ አያቴ። ለአባዬ፣ በአንድ ፓውንድ» አለች። ትንሽ ቆይታም «ካጠረው በዱቤ» ስትል ጨመረች።

በዚህ ጊዜ ጌቲን ቧንቧውን ዘጋ። ንግግሩ እንደተናገረው ቀጥሎ ቀርቧል።

«አባዬ፣ ገንዘቡን ተወው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የመኖ ነጋዴው ሲደውል እኔ ሳነሣው 'ትልቁን ሰው አገናኘኝ' ይለኛል። የትኛዋ በግ በየትኛው እግሯ እንደምታነክስ የማውቀው እኔ፣ አንዲት በግ ለመሸጥ አንተን የማስፈቅደው እኔ። ይሁን፣ እጠብቃለሁ አልኩ። ዛሬ ግን ውርሱ ከአንተ ተነሥቶ በአናቴ ላይ አልፎ ፎቶ የተነሣው ልጅ ላይ አረፈ። የድንጋይ ካባው ሥራ ሰጥቶኛል። ሜይ ላይ እጀምራለሁ። ደብዳቤው ኔሪስ ጋ ነው።»

ወይዘሮ ኔሪስ ደብዳቤውን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሊቀ መንበሩ አላነሡትም።

«በጎቹን ማን ያዋልዳል?»

«ማክሰን። ሥራ ይዟል አይደል?»

ወይዘሮ ኔሪስ ወደ አቶ ፒው ዞረው «አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ግብር የማይነካው ገቢ የተፈቀደው ለልጆች ብቻ ነው?» አሉ።

«የለም፣ ለማንኛውም ሰው ነው።»

«ለጌቲንስ?»

አቶ ፒው ወረቀታቸውን ለረዥም ጊዜ አገላበጡ። ጌቲን በዓመት ሰባት ሺህ ፓውንድ ብቻ ስለሚከፈለው ከተፈቀደለት ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ በየዓመቱ በከንቱ እንደሚያልፍ ተናገሩ። ወይዘሮ ኔሪስ ደግሞ ለአሥራ ስድስት ዓመት የወንዝ ዳሩን ቤት ሲያጸዱ፣ እንግዳ ሲቀበሉና አንሶላ ሲያጥቡ አንድ ሳንቲም ስላልተከፈላቸው፣ የእሳቸው ሙሉው እንዳለ አልፏል። ሽርክና ተመሥርቶ ሁለቱ ድርሻቸውን ቢያገኙ ኖሮ ከሕፃናቱ ጋር መድከም እንደማያስፈልግ ገለጹ።

ሊቀ መንበሩ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ሲሉ ተቆጡ።

«በየዓመቱ ጽፌልዎታለሁ፣ አቶ ኢድዋል። አሥራ አንድ ደብዳቤ።»

«በምን ዓይነት ፖስታ?»

«መስኮት ባለው።»

ሊቀ መንበሩ መስኮት ያለው ፖስታ (የሂሳብ መጠየቂያ የሚመጣበት፣ አድራሻው በላስቲክ ውስጥ የሚታይ) ከፍተው እንደማያውቁ፣ ከዚያ ውስጥ ደግ ነገር ወጥቶ እንደማያውቅ አስረዱ።

ሊቀ መንበሩ ሻያቸውን ወደ ጎን ገፍተው «ግልገሉስ ዳነ?» አሉ።

ጌቲን «ሁለት ናቸው። ሁለቱም ቆመዋል» አለ።

«ማን አዞረው?»

«ሄሌድ።»

ሊቀ መንበሩ ልጅቷን አዩአት። ቀጥሎ ያሉትን ወደ ማንም ሳይመለከቱ ነው የተናገሩት። «አባቴ ይህን መሬት የሰጠኝ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው በግራው ፈረመልኝ። ከአልጋው አጠገብ ቆሜ እኔ በልጄ ላይ እንዲህ አላደርግም አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፤ ማንም አልሰማኝም።» ከዚያ «አሁን እኔም እሱን ሆንኩ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እንደ አባል ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ተፈቀደላት። «አዎ፣ ኢድዋል» አለች። እስክሪብቶዋንም መልሳ አነሣች። ከዚህ በታች «አቶ ጌቲን» እየተባለ የሚጻፈው ማንም ሳያዛት በራሷ ኃላፊነት ነው።

ሊቀ መንበሩ «ድንጋይ ካባው ስንት ይከፍልሃል?» አሉ።

አቶ ጌቲን ነገሯቸው።

«እኔ ያን ያህል የለኝም።»

«አውቃለሁ፤ የመኖውን ደረሰኝ የማየው እኔ ነኝ። ያን ያህል ስጠኝ አላልኩህም፣ አባዬ።»

«ምን ብትባል ነው ታዲያ የምትቀር?»

አቶ ጌቲን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስልኩ ሲደወል 'አቤት፣ እኔ ነኝ' ማለት እፈልጋለሁ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ፒውን ባዶ ወረቀት ጠየቁ። አቶ ፒው የሽርክና ውል እንዲህ በሻይ ጠረጴዛ ላይ እንደማይጻፍ፣ ጠበቃ እንደሚያስፈልገው፣ ግብሩም ገና መታየት እንዳለበት ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ «አንተ ረቂቁን ጻፍ። ደግሞ መስኮት በሌለው ፖስታ ላከው» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ዛሬ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የወንዝ ዳሩ ቤት ለሦስቱ ልጆች አይተላለፍም፤ አቶ ጌቲንና ቤተሰባቸው ሜይ ወር ላይ ይገቡበታል። አቶ ኢድዋል፣ አቶ ጌቲንና ወይዘሮ ኔሪስ እኩል የሚሆኑበት የሽርክና ውል ይረቀቅ። የልጆቹ ግብር የማይነካው ገቢ ባለበት ይቆይ፤ ሲያድጉ ራሳቸው ይድረሱበት። የሄሌድ ደመወዝ ከውሳኔ 1 ጋር አብሮ በመሻሩ ባለጉዳይዋ ጮክ ብላ ስለተቃወመች፣ የአዲሱ ሽርክና የመጀመሪያ አጀንዳ እንዲሆን ተይዟል።

የውሳኔውን ሐሳብ ያቀረቡት ሊቀ መንበሩ ናቸው። የደገፉትም እሳቸው ናቸው። ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ግን ብቻቸውን ተቃወሙ፤ ለምን ሲባሉ ቶሎ የተስማሙ እንዳይመስል ነው ብለዋል። ውሳኔው በሦስት ድምፅ ጸድቋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ተጠናቀቀ። አባላቱ ሲነሡ ሊቀ መንበሩ ኮፍያቸውን እያሻሹ በሩ ላይ ቆሙና «ነገ ስንት ሰዓት በረት ልምጣ?» ሲሉ አቶ ጌቲንን ጠየቁ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት።»

«ነገ እሁድ ነው እኮ!»

«በጎቹ ይህን አያውቁም፣ አባዬ።»

ሊቀ መንበሩ ለመቃወም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል ለሠላሳ ዓመት እሳቸው ሲናገሩት የኖሩት መሆኑ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ አፋቸውን ዘግተው ቦት ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ።

ኤሊኔድ ቤቫን
ጸሐፊ